ሰው ለምትፈራ ድመት መውጫ ተዉላት

ሰው የምትፈራ ድመት ክፉ ድመት አይደለችም። መጀመሪያ እዚህ ላይ እንስማማ። በየግቢው «አውሬ ናት»፣ «ቂመኛ ናት» ሲባል እሰማለሁ። ምን አድርጋ ነው ብዬ ስጠይቅ መልሱ ያው ነው፦ «ልይዛት ስል ቧጨረችኝ»። የሰውነታችንን አሥረኛ እንኳ የማትመዝን እንስሳ ናት። ጥግ ገብታ፣ መሄጃ አጥታ እያለ እጅ ሲመጣባት ሌላ ምን ታድርግ?

ልብስ ሰፊ ነኝ፤ ቀኑን ሙሉ ቤቴ ከሲንጀሬ ጋር ነው የምውለው። የምኖረው አዲስ አበባ፣ ብዙ ተከራይ ያለበት ግቢ ውስጥ ነው። ጣሪያችን ቆርቆሮ ነው፣ ከሥሩ ኮርኒስ አለ፣ በሁለቱ መሀል ደግሞ ድመቶች ይኖራሉ። እንዲህ ያለ ቤት የኖረ ሰው ያውቀዋል፤ ሌሊት ከላይ የሚሯሯጠው ግማሹ አይጥ ነው፣ ግማሹ አይጥ አሳዳጅ። ከእነዚያ መሀል ወርደው ከእኔ ጋር የለመዱ አሉ። አሁን አብራኝ ያለችው ሻሼ ናት። ስሟን ያወጣሁላት አናቷ ላይ ባለው ነጭ ነው።

ፍርሃቱ ከየት ይመጣል?

የድመት ልጅ ሰውን በቀላሉ የምትለምድበት ጊዜ አጭር ነው። ከተወለደች ከሁለተኛው ሳምንት እስከ ሰባተኛው ሳምንት ገደማ ነው፣ በቃ። አሜሪካ ውስጥ በቴምፕል ዩኒቨርሲቲ አይሊን ካርሽ የምትባል ተመራማሪ ይህን እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ አጥንታዋለች። በእነዚያ ሳምንታት በየቀኑ የሰው እጅ ያቀፋቸው ግልገሎች ሲያድጉ ሰው አይሸሹም። በቀን 15 ደቂቃ ከታቀፉት ይልቅ 40 ደቂቃ የታቀፉት ደግሞ የበለጠ ሰው ይወዳሉ።

እንግዲህ ኮርኒስ ላይ የተወለደችዋን አስቡ። እናትየዋ ራሷ ሰው ትፈራለች። ልጆቿን ይዛ ስትወርድ ግልገሎቹ በደንብ ይሮጣሉ፣ ያ ጊዜም አልፏል። ታች የሚጠብቃቸው ደግሞ ድንጋይ ያነሳ ልጅ ነው።

የአባትም ድርሻ አለ። አባት ድመት ልጅ አያሳድግም፤ ድፍረቱ ግን በዘር ይወርዳል። ሳንድራ ማክዩን የተባለች ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1995 ባሳተመችው ጥናት፣ ከደፋር አባት የተወለዱት ሰውንም አዲስ ዕቃንም ቶሎ ሲቀርቡ ታይተዋል። አንዲት ድመት በአንድ እርግዝና ከተለያዩ አባቶች ልትወልድ ትችላለች። ስለዚህ ከአንድ ሆድ ወጥተው አንዷ እግራችሁ ሥር ስትንከባለል ሌላዋ አልጋ ሥር ብትከርም አይግረማችሁ። የእናንተ ጥፋት አይደለም፣ የእሷም አይደለም።

ሌላው የደረሰባት ነገር ነው። ውሃ የተደፋባት አለች። በማዳበሪያ ተቋጥራ ሌላ ሰፈር የተጣለች አለች። ይቺኛዋ ድሮ ሰው ታውቅ ነበር። እንዴት ይለያል ካላችሁ፣ አንዱ ምልክት ድምፅ ነው። ያደጉ ድመቶች እርስ በርስ ብዙም «ሚያው» አይባባሉም፤ ሚያው የሚሉት ለሰው ነው። ከሩቅ ቆማ እያየቻችሁ ሚያው የምትል ድመት ከዚህ በፊት ከሰው እጅ በልታ ታውቅ ይሆናል። ቶሎ ትመለሳለች። ኮርኒስ ላይ ተወልዳ ያደገች ትልቅ ድመት ግን ዝም ትላለች። እሷ ላይ ወራት ትጨርሳላችሁ፤ መጨረሻ ላይም ቤት ገብታ በልታ፣ ጥግ ላይ ተኝታ፣ እጅ ግን የማታስነካ ልትሆን ትችላለች። ይህም ይበቃል። ጭን ላይ ካልወጣች አልለመደችም ማለት ልክ አይደለም።

አንድ ነገር ግን ለይታችሁ እወቁ። ስትለምዳችሁ የኖረች ድመት በድንገት መደበቅ ከጀመረች ያመማት ነገር ሊኖር ይችላል። ጥርስ ይሆናል፣ ቁስል ይሆናል። በተለይ ወንዱ ሽንት ለመሽናት ደጋግሞ እየተቀመጠ ምንም ካልወጣው የነገ ጉዳይ አይደለም፣ በዚያው ቀን ወደ እንስሳት ሐኪም ነው። ሁለት ቀን ሙሉ ምንም ያልበላች ድመትም እንደዚያው፤ ድመት ሳትበላ ስትቆይ ጉበቷ ይጎዳል።

ሰውነቷን አንብቡ

የፈራች ድመት ከመቧጨሯ በፊት ብዙ ጊዜ ትናገራለች። ጆሮዋ ወደ ጎን ይተኛል። የዓይኗ ብሌን ይሰፋና ዓይኗ ጥቁር ብቻ ይሆናል። ጅራቷን ወደ ሰውነቷ ትሸጉጣለች። መሬት ላይ ተለጥፋ ትቀመጣለች። ይህን ካያችሁ ቀርባችኋል ማለት ነው፣ ወደ ኋላ ሂዱ። አፏን ከፍታ «ኽስስ» ካለች ደግሞ የመጨረሻው ማስጠንቀቂያ ነው። አትቆጧት። ማስጠንቀቅ የተከለከለች ድመት በሚቀጥለው ጊዜ ሳታስጠነቅቅ ትነክሳለች።

የሚታለፈው ምልክት ፀጥታ ነው። ጥግ ላይ ድርቅ ብላ የማትንቀሳቀስ ድመት ስታዩ «ረጋች፣ ለመደች» ትላላችሁ። አልለመደችም። መሸሽም መጋደልም አቅቷት ነው የደረቀችው። የረጋች ድመት ሰውነቷ ይለሰልሳል፣ ፊቷን ትልሳለች፣ ጀርባዋን ሰጥታችሁ ትተኛለች። ጀርባዋን ስትሰጣችሁ ደስ ይበላችሁ፣ ንቀት አይደለም።

መደበቂያዋን አትንኩ

አዲስ ድመት ቤት ካስገባችሁ መጀመሪያ የምታዘጋጁት ምግብ ሳይሆን መደበቂያ ነው። የዕቃ ካርቶን ይበቃል። ሁለት ቀዳዳ አውጡለት፣ መግቢያና መውጫ። አንድ ቀዳዳ ብቻ ያለው ካርቶን ወጥመድ ይሆንባታል። ግድግዳ አስጠግታችሁ አስቀምጡት፣ ውስጡ አሮጌ ጨርቅ አድርጉ። ሆላንድ ውስጥ በአንድ የድመቶች መጠለያ የተሠራና እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመ ጥናት አለ፤ መደበቂያ ሳጥን የተሰጣቸው አዲስ ገቢ ድመቶች ካልተሰጣቸው በፍጥነት ተረጋግተዋል። ሰው ግን «ከተደበቀች አትለምድም» ብሎ አልጋውን ያነሳል፣ ቁም ሳጥኑን ይጎትታል። ተቃራኒው ነው እውነቱ። መግቢያ ያላት ድመት ናት የምትወጣው።

ከፍ ያለ ቦታም ትወዳለች። ቁም ሳጥን ላይ መውጣት ከፈለገች አትከልክሏት፤ ከላይ ሆና ሁሉን ስታይ ይቀላታል። የምትጸዳዳበትን ከምግቧ አርቁ። አሸዋ ከሌለ ሰጋቱራ ከአናጺ ቤት ይገኛል። ክፍሉ አንድ ከሆነ፣ የእኔም አንድ ነው፣ ጥጉን በመጋረጃ ከልሉላት።

ከዚህ በኋላ የእናንተ ሥራ ሥራችሁን መሥራት ነው። እኔ እሰፋለሁ። መኪናው ይጮኻል፣ ግን ድምፁ አንድ ዓይነት ነው፤ ድመት የሚያስደነግጣት ድንገት የሚመጣ ድምፅ ነው። ፊቴ ወደ ጨርቁ ነው፣ እሷን አላይም። ሻሼ የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት እንዲህ ነው ያሳለፈችው፣ እኔ ስሰፋ እሷ ከካርቶኑ ቀዳዳ ስታየኝ። የሚሰፋ ነገር ከሌላችሁ ሽንኩርት ላጡ፣ ስልክ ነካኩ፣ ጸሎት አድርጉ። ቁጭ በሉ ብቻ። የቆመ ሰው ለድመት በጣም ትልቅ ነው።

ምግብና ስንዝር

ማላመጃው ምግብ ነው፤ ዋናው ግን ሰዓቱና ርቀቱ ነው። ምግብ ቀኑን ሙሉ ተቀምጦ ከዋለ ማን እንዳመጣው አታውቅም። ጠዋትና ማታ በአንድ ሰዓት አቅርቡ፤ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ድምፅ አሰሙ። እኔ ሳህኑን በጣቴ መታ መታ አድርጌ «ውሮ ውሮ» እላለሁ። ከዚያ ሳህኑን አስቀምጬ ወደ ቦታዬ።

መጀመሪያ ሳህኑ እሷ ያለችበት ጫፍ ይሁን። እናንተ ክፍሉ በፈቀደ መጠን ራቁ። ሳታቋርጥ መብላት ከጀመረች በኋላ ሳህኑን በየጥቂት ቀኑ አንድ አንድ ስንዝር ወደ እናንተ አስጠጉት። መለኪያዋ እሷ ናት። አንገቷን ሳታነሳ ከበላች ቀጥሉ። አንዴ ጎርሳ አንዴ የምታያችሁ ከሆነ ስንዝሩ በዝቷል፣ መልሱት። እየበላች እያለ እጅ መዘርጋት በጭራሽ የለም። አንድ ቀን እየበላች ከያዛችኋት የሳምንታት ድካማችሁ ገደል ገባ።

ምን እንስጣት ለሚለው፣ አብዛኞቻችን የምንገዛው ሳንባ ነው። ከሥጋ ቤት ርካሽ ነው። ቀቅላችሁ በትንሽ በትንሹ ክተፉት። ግን ሳንባ ብቻውን አይበቃትም፤ ልብም፣ ሥጋም ትፈልጋለች። ድመት ሥጋ በል ናት፤ በእንጀራና በሽሮ ልትኖር አትችልም። ሁዳዴ ላይ አብዛኛው ሥጋ ቤት ሲዘጋ ድመቷም አብራ ትጾማለች። የተቀቀለ እንቁላል ወይም የቆርቆሮ ዓሣ አዘጋጁላት። ወጥ አትስጧት፤ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት የድመትን ደም ይጎዳሉ፣ የእኛ ወጥ ደግሞ ያለ ሽንኩርት የለም። ወተትም ብዙዎቹን ትልልቅ ድመቶች ያስቀምጣቸዋል፤ ውሃ ነው የሚሻለው።

አከራዬ «አንቺ ልጅ፣ ከጠገበች እኮ አይጥ አትይዝም» ይሉኛል። ስንቱ ድመት በዚህ አባባል ተርቧል! ድመት የምታድነው ስለራባት ብቻ አይደለም፤ የሚንቀሳቀስ ነገር ስታይ ማባረር ተፈጥሮዋ ነው። ሻሼ በልታ ትነሳና አይጥ ትይዛለች። እትዬ ራሳቸው አይተዋል፣ አሁን እሳቸውም ከበዓል ሥጋ ቁራጭ ይልኩላታል።

የተራበች ድመት ብትቀርባችሁም ደንግጣ ነው የምትቀርባችሁ። የጠገበች ድመት ስትቀርብ ፈልጋችሁ ነው።

ዓይን ለዓይን

ድመትን ትኩር ብሎ ማየት ማስፈራራት ነው። ማየት ከፈለጋችሁ ዓይናችሁን ግማሽ ድረስ ከደን አድርጉት፣ በቀስታ ጨፍኑት፣ በቀስታ ግለጡት፣ ከዚያ ፊታችሁን ወደ ሌላ አዙሩ። እንግሊዝ አገር የሳሴክስ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የተሳተፉበት እ.ኤ.አ. በ2020 የታተመ ጥናት ይህን ፈትኗል። እንዲህ በቀስታ የጨፈነላቸውን እንግዳ ሰው ድመቶቹ ዝም ብሎ ካያቸው ሰው ይልቅ ወደ እጁ ቀርበውለታል፤ እነሱም መልሰው ጨፍነውለታል። ሻሼ ስትመልስልኝ መጀመሪያ የግራ ዓይኗ ነው የሚከደነው። ከዚያ ቀኙ። ጆሮዋ ወደ ፊት እንደቆመ ይቀራል። ያን ጊዜ ሳትንጠራሩ፣ ሳትጠሯት፣ ዝም ብላችሁ ሥራችሁን ቀጥሉ።

መንካት

እጅ ከመምጣቱ በፊት ማማሰያ ይምጣ። ረጅም የእንጨት ማማሰያ ጫፍ ላይ ትንሽ ሥጋ አድርጉና መሬት ለመሬት አስጠጉላት። ከሱ መብላት ስትለምድ በማማሰያው ጫፍ ጉንጯን ነካ አድርጉና ወዲያው መልሱት። ብትመታውም የሚመታው እንጨት ነው፣ እናንተም አትደነግጡም። እናንተ ካልደነገጣችሁ እሷም ቶሎ ትረጋጋለች። ከዚያ ማማሰያውን ቀን በቀን አሳጥራችሁ ያዙት፣ እጃችሁ እስኪደርስ።

እጃችሁን ስትሰጡ ከላይ አታውርዱት። ከአፍንጫዋ ትይዩ፣ አንድ ጣት አጠፍ አድርጋችሁ ዘርጉና ቁሙ። ጣቱ ጋ የምትመጣው እሷ ናት። ታሸትታለች። ጉንጯን ካሻሸችበት ፈቅዳለች። ከጆሮዋ ሥር፣ ጉንጯን፣ አገጯን እከኩላት። ጅራቷ ሥርና ሆዷ ይቅር። ሁለት ሦስቴ ዳበስ አድርጋችሁ አቁሙና እጃችሁን መልሱ። ከተከተለችው ቀጥሉ። ቆዳዋ ከተርገበገበ፣ ጅራቷ ጫፉ መወራጨት ከጀመረ በቃ፣ የዛሬው አልቋል። ድመት ሰውን የምታምነው ማስቆም የምትችለው ሲሆን ነው።

ጨዋታም ይረዳል። ቁራጭ ጨርቅ እንጨት ላይ አስሩና ከሩቅ ጎትቱት። ፈሪ ድመት እንኳ የምትንቀሳቀስ ጨርቅ ስታይ መሸሹን ትረሳለች። ግን በልብስ ሰፊነቴ የምለምናችሁ፣ ክር አትተዉላት። ድመት ክር ከጀመረች መትፋት አትችልም፣ ምላሷ ወደ ውስጥ ይጎትተዋል። የተዋጠ ክር አንጀት ይሸበሽባል፤ መርፌ ካለበትማ ይገድላል። ክር ከአፏ ወይም ከመቀመጫዋ ተንጠልጥሎ ብታዩ አትጎትቱ፣ ሐኪም ዘንድ ውሰዷት። እኔ ማታ ማታ ወለሉን ሳልጠርግ አልተኛም።

ማጠብ የሚባል ነገር ለጊዜው እርሱት። ቁንጫ አለባት ተብሎ በውሃ ተይዛ በሳሙና የታጠበች ፈሪ ድመት መልሳ ኮርኒስ ነው የምትገባው። የውሻ የቁንጫ መድኃኒት ደግሞ አደራ። ብዙው ውስጥ ያለው ፐርሜትሪን የተባለው ነገር ለድመት መርዝ ነው። የድመት ተብሎ የተሠራውን ሐኪም ጠይቃችሁ ግዙ።

ልጆች፣ እንግዳና በዓል

ለእናንተ የለመደች ድመት ለሰው ሁሉ ለመደች ማለት አይደለም። እኔን የለመደችው ሻሼ የወንድ ኮቴ ስትሰማ አሁንም ቁም ሳጥን ላይ ናት። እንግዳው ይቀመጥ፣ አይጥራት፣ አይያት። ከጥቂት ጉብኝት በኋላ እሷ ራሷ ትወርዳለች።

የግቢው ልጆች ላይ መጮህ አያዋጣም። ድንጋይ የሚወረውረው ልጅ አብዛኛውን ጊዜ ሌላ የሚያደርገው ስለጠፋው ነው። ሥራ ስጡት። «አንተ ነህ ዛሬ ሳህኗን የምታስቀምጥላት፣ አስቀምጠህ እስከ በሩ ሂድና ቁጭ በል» በሉት። ከእኛ ግቢ ትንሹ አስቸጋሪ አሁን ሌላ ልጅ ሲሮጥባት የሚቆጣው እሱ ነው።

በበዓል ዋዜማ ርችት ይተኮሳል፣ በግ ይታሰራል፣ ሰው ይበዛል። ከመምሸቱ በፊት አብልታችሁ ካርቶኗ ያለበትን ክፍል ዝጉላት፤ ውሃና ሰጋቱራዋ እዚያው ይሁን። እጣኑንም ከሷ ራቅ አድርጉት። ስትደነግጥ አቅፋችሁ አታባብሉ፤ ታቅፎ መሸሽ አይቻልም፣ ለእሷ ያ ይብሳል።

ከነከሰች

የድመት ንክሻ ከላይ ትንሽ ቀዳዳ ይመስላል፣ ጥርሷ ግን ቀጭንና ረጅም ነው፣ ቆሻሻውን ወደ ውስጥ ይከታል። ከሁሉ በላይ የእብድ ውሻ በሽታ አለ፤ ስሙ የውሻ ይሁን እንጂ ድመትም ታስተላልፋለች። ቁስሉን በሚፈስ ውሃና በሳሙና 15 ደቂቃ እጠቡ። ከዚያ በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ሂዱና ክትባት እንደሚያስፈልጋችሁ ጠይቁ። አዲስ አበባ ውስጥ ፓስተር የምንለው የኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ይህን ክትባት ለረጅም ዓመታት ሲሰጥ የኖረ ነው። «የቤት ድመት ናት፣ ምንም አይልም» ብላችሁ አትተኙ፤ ምልክቱ ከታየ በኋላ የሚያድን መድኃኒት የለም። ሰው ስትሸሽ የኖረች ድመት በድንገት ያለ ምንም ፍርሃት ከተጠጋችባችሁ፣ ወይም ለሃጯ እየተዝረበረበ ያገኘችውን የምትናከስ ከሆነ አትንኳት። እሷ ለምዳ አይደለም። የለመደችዋን ደግሞ ሳትዘገዩ አስከትቡ።

ሐኪም ዘንድ መውሰጃውን ካሁኑ አለማምዱ። ክዳን ያለው ቅርጫት ወይም የፕላስቲክ ሳጥን ክፍሉ ውስጥ ክፍቱን ይቀመጥ፤ ምግቧን አንዳንዴ እዚያ ውስጥ ስጧት። የመሄጃው ቀን ሲደርስ ራሷ ስትገባ ዝጉት፣ በጨርቅ ሸፍኑት። ጨለማው ያረጋጋታል።

ኮርኒስ ላይ ግልገል ከሰማችሁ

ጊዜው አሁን ነው። እናትየዋን ምግብ ወደ ታች እያስለመዳችሁ ጠብቁ። ግልገሎቹ ዓይናቸውን ገልጠው መንፏቀቅ ሲጀምሩ፣ እናትየዋ ለመብላት በወጣችበት ሰዓት በየቀኑ ጥቂት ጥቂት ያዟቸው። ከተቻለ ከአንድ በላይ ሰው ይያዛቸው፣ ወንድ ሰውም፣ ልጅም ይኑርበት፤ በአንድ ሰው እጅ ብቻ ያደገች ያንን ሰው ብቻ ነው የምትለምደው። እናትየዋ ካዘዋወረቻቸው አትከተሏት፣ ለሁለት ሦስት ቀን እጃችሁን ሰብስቡ።

ጡት ካስጣለች በኋላ እናትየዋን አስመክኗት። ድመት የምታረግዘው ሁለት ወር ገደማ ብቻ ነው፣ እያጠባች እያለችም ልታረግዝ ትችላለች። ሴት ግልገሎቹም ገና በአራትና በአምስት ወራቸው ሊያረግዙ ይችላሉ። ስምንት ሳምንት ሳይሞላቸው ግልገሎቹን ለማንም አትስጡ። ስትሰጡ ደግሞ ሁለቱን አንድ ላይ የሚወስድ ሰው ከተገኘ እሱን አስቀድሙ፤ ደፋሯ ስትወጣ ፈሪዋ ተከትላት ትወጣለች።